ቱቦ በመስታወት

ሴት ልጅ ባሏ ሲሞትባት አልጋው ይሰፋል፣ ምሽቱ ይረዝማል፣ በር በተንኳኳ ቁጥር ልቧ ይደነግጣል። ይህን ሁሉ ከእኔ በፊት የደረሰባቸው ሴቶች ለቅሶ ላይ አጠገቤ ተቀምጠው አንድ በአንድ ነግረውኛል። ቱቦም እንደሚወረስ ግን አንዲቷም ትንፍሽ አላለችም።

እኔ ቱቦ ወርሻለሁ። ቤትም ወርሻለሁ፤ ቤቱ ግን ከቱቦው በኋላ የሚመጣ ነው፣ ባሌ ራሱ ቢጠየቅ እንደዚያ ነበር የሚያስቀድመው። መካነ ሰላም ላይ ከገበያው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በሚወስደው መንገድ ዳር ሆቴል ነበረን። ሆቴል የምለው ባሌ በሩ ላይ በቀለም ስለጻፈው ነው። ግድግዳው ጭቃ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ፣ አልጋዎቹ እንግዳ በተገላበጠ ቁጥር ጎረቤት የሚቀሰቅሱ ነበሩ። ነገር ግን ጓዳው ውስጥ የሲሚንቶ ዕቃ ማጠቢያ ገንዳ ነበረን። ከገንዳው የሚወጣው እጣቢ ሰፊ ቱቦ ውስጥ ገብቶ፣ በአዳራሹ ሊሾ ሥር ተጉዞ፣ በጓሮ በኩል ወጥቶ አጥሩ ጥግ ከተቆፈረ ጉድጓድ ይገባል። ባሌ በወጣትነቱ ደሴ ከግንበኞች ጋር ሲሠራ ያየውን በልቡ ይዞ መጥቶ ነው የሠራው።

እንግዳ ሲመጣ ምግብ ከመቅረቡ በፊት ጓዳ ገብቶ ገንዳውን ማየት ነበረበት። ባሌ አንድ ባልዲ ውሃ ይለቅና እንግዳውን ቶሎ ብሎ አዳራሹ መሐል ወስዶ ያቆመዋል። ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ፣ «ስማ! አሁን ከእግርህ ሥር እያለፈ ነው» ይለዋል። እንግዳው እግሩን ያነሣል። ባሌ ይስቃል። እኔ ጓዳ ሆኜ ግንባሬን እይዛለሁ። ይህን ቀልድ በትዳራችን ዘመን ስንት ጊዜ እንደሰማሁት የሚያውቀው ፈጣሪ ነው። ዛሬ አንድ ጊዜ ብቻ ልስማው ብል የሚያሰማኝ የለም።

እዚህ ላይ ብዕሬ ቆሞ ነበር። ምሳ በልቼ፣ ዕቃ አጥቤ፣ ዶሮዎቹን ተቆጥቼ ነው የተመለስኩት። ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው፤ እናንተም ቀስ ብላችሁ አንብቡኝ።

ነገሩ የሆነው በዚያ በክፉ ቀን ነው። ንጉሡ ወርደዋል፣ መሬት ለአራሹ ታውጇል፤ አራሹ ግን በሬውንም ዘሩንም በልቶ ጨርሶ ነበር። ከከላላ በኩልና ከአባይ አፋፍ ሥር ካሉት ቆላዎች ሰው ልጁን እያዘለ ወደ ከተማችን ይወጣል። የእኔ ቤት ግድግዳ የጧት ፀሐይ ስለሚያገኘው ሥሩን ይዘው ይቀመጣሉ። ሆቴሉን ከባሌ ሞት ወዲህ ዘግቼዋለሁ። እኔ ውስጥ ሆኜ ለአንድ ሰው አለቅሳለሁ፤ ከግድግዳው ወዲያ ያሉት ደግሞ ለማን አልቅሰው ለማን እንደሚተዉ ግራ ገብቷቸው ዝም ብለው ተቀምጠዋል።

አንድ ቀን የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ይመር መጣ። ይመር ከአብዮቱ በፊት የበቅሎ ነጋዴ ነበር፤ እኛ ዘንድ ሲያድር «እትዬ፣ እስቲ ከወጡ ጨመር» ይለኝ ነበር። አሁን «ጓዲት» ሆኛለሁ። ቃሉ ለሁለታችንም አዲስ ስለነበረ እንደ አዲስ ጫማ ይልጠን ነበር።

«ጓዲት፣» አለኝ ቀና ብሎ ቆሞ፣ «ለሕፃናቱ የአጥሚት ዱቄት ከደሴ እየመጣ ነው። ከተማው ውስጥ ትልልቅ ድስትና የእጣቢ መውረጃ ያለው ጓዳ የእርስዎ ብቻ ነው። ሰፊው ሕዝብ ጓዳዎን ይፈልገዋል።»

«ይውሰደዋ!» አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

ወጥ ሠሪዬ እታገኝ ድስቶቹን ከቆጥ አወረደች። እታገኝ ሆቴሉ ከተከፈተ ጀምሮ ከእኛ ጋር የኖረች፣ ምላሷ ከቢላዋዋ የሚስል ሴት ናት። አቧራ የጠጡትን ድስቶች ገንዳው ውስጥ ከምራ ውሃ ለቀቀችባቸው። ውሃው አልወረደም። ቆይቶ ይወርዳል ብለን ጠበቅነው። ጭራሽ ከታች አንድ ነገር «ጉርርር» አለና የወረደችውንም ጥቂት መልሶ ተፋት። እጣቢው ገንዳውን ሞልቶ፣ የጓዳውን ደፍ ተሻግሮ፣ ባሌ በሚኮራበት ሊሾ ላይ ተንጣለለ።

ክፉ አጋጣሚ ሆኖ የጤና ጣቢያው ድሬሰር ጓዳውን ሊያይ የመጣው በዚያው ሰዓት ነው። በሩ ላይ አፍንጫውን ይዞ ቆመ።

«ይህ እያቆረ እዚህ ለልጆች አይበሰልም» አለ። «አንዱን ተቅማጥ መቼ ቻሉትና ሌላ ልታክሉባቸው ነው? ሰኞ እመለሳለሁ። ከወረደ ወረደ፤ ካልወረደ ጓዳውን አሽገዋለሁ። መኪናውም ማብሰያ ወዳለበት ከተማ ይለፍ።»

ግድግዳው ሥር ያሉት ሁሉ ሰምተዋል። ፋጡማ የምትባል ከከላላ በኩል የመጣች ሴት ብቻ፣ አንዱን ልጇን አዝላ ሌላውን ጉልበቷ ላይ እንዳስተኛች፣ ቀና ብላ አየችኝ።

«አብሽሪ» አልኳት። በቱቦ ጉዳይ ሰው የማጽናና ሰው አልነበርኩም። አፌ ነው ያለው፤ እኔ አልሰማሁም።

ወዲያው የመጀመሪያውን ጥፋቴን አጠፋሁ። ከአጥሩ ረጅም ቀርከሃ መዝዤ ቱቦው ውስጥ ሰደድኩ፣ ገፋሁ፣ ተንጠልጥዬ ገፋሁ። «ቀጭ!» አለ። እጄ ላይ አንዲት ጉማጅ ቀረች፤ የተረፈው ቀርከሃ ሊሾው ሥር ነው። እስካሁን በአንድ ነገር ተዘግቶ የነበረው ቱቦ አሁን በሁለት ነገር ተዘጋ።

«ጎሽ፣ እትዬ» አለች እታገኝ። «አሁን ደግሞ የቀረውን አጥር ያስገቡበት።»

ሊሾውን እንቆፍር የሚል መጣ። የት ላይ እንደተዘጋ ሳይታወቅ ከዳር እስከ ዳር ቢቆፈር ለሰኞ አይደርስም። ቱቦው አንዴ በዶማ ከተነካ ደግሞ ከደሴ ወዲህ ሌላ ቱቦ አይገኝም። የፈላ ውሃ አፈሰስን፤ የፈላው ውሃ ቀዝቅዞ መጣልን። የደብራችን ቄስ ስለ ሕፃናቱ ብለው ጠበል ይዘው መጡና ገንዳው ላይ ረጩ። ጠበሉም አልወርድ ብሎ እላዩ ላይ ቆመ። ይሄኔ ነው ጉዱ የመጣ። እስከዚያ ድረስ እጣቢ ነበረና በጣሳ እየቀዳን በር ላይ እንደፋው ነበር። አሁን ጠበል ነክቶታል! እግር በሚረግጠው ቦታ ማን ደፍሮ ይደፋዋል? እታገኝ ጣሳውን አስቀምጣ እጆቿን አጣጠፈች። ያን ሁሉ የሸተተ ውሃ እንደ ታቦት በክብር ተሸክመን፣ ሰው ዝር ወደማይልበት ባሕር ዛፍ ሥር እያመላለስን አፈሰስነው። ከኋላችን አንዲት መንገደኛ አሮጊት መጥተው ሲሳለሙን አስታውሳለሁ።

ጓድ ይመር በበኩሉ ስብሰባ ጠራ። አንድ ወጣት ተነሥቶ ቱቦው የተዘጋው በአድኃሪያን ሴራ ነው አለ። ሌላው ቱቦው በማን ዘመን እንደተሠራ ጠየቀ። በንጉሡ ዘመን መሆኑ ሲነገረው ጉባኤው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። በመጨረሻም ቱቦው በአስቸኳይ እንዲከፈት በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ቱቦው ስብሰባው ላይ ስላልነበረ ውሳኔውን አልሰማም።

ከስብሰባው ስመለስ ነው ባሌ ሲያደርግ ያየሁት ትዝ ያለኝ። ቱቦው ከአዳራሹ ሥር ወጥቶ ጓሮ ሲደርስ አንድ ድንጋይ የተከደነ ጉድጓድ አለ። ባሌ «የቱቦው መስኮት» ይለዋል። ትንሽ መስታወት ከጉድጓዱ ሥር አጋድሞ ያኖራል። ትልቅ መስታወት ደግሞ ፀሐይ ላይ አቁሞ ብርሃኑን ትንሹ ላይ ይጥላል። ብርሃኑ እዚያ ታጥፎ ቱቦው ውስጥ ይገባል። እሱ በሆዱ ተኝቶ ትንሹን መስታወት ሲያይ የቱቦው ሆድ ወለል ብሎ ይታየዋል። ንጹሕ ከሆነ ከወዲያኛው ጫፍ ክብ ብርሃን እንደ ሙሉ ጨረቃ ይወጣል። «ጨረቃ ወጣች!» ብሎ ይጮህ ነበር፣ በጠራራ ፀሐይ።

«እንደሱ በመስታወት ብናየው ጥሩ ነው» አልኳት ለእታገኝ። «ቢያንስ ምን እንደዘጋውና የት እንዳለ እናውቃለን።»

እታገኝ ግን እንደወትሮዋ አልመለሰችልኝም። «ከመሬት ሥር የገባ ነገር አይታይ እትዬ» አለች ድስቱን እየወለወለች። «እኔ ቱቦ አላይም። ዓይኔን ያመኛል።» ዓይኗን አሟት አያውቅም፤ ሽሮ ውስጥ የወደቀች ጠጠር ከበር ላይ ሆና ታያለች። ፈርታ ነው ብዬ ተውኳት።

ትንሿ መስታወት የባሌ መላጫ መስታወት ነበረች። ትልቁን ከጎረቤቴ ከልብስ ሰፊው ከጋሽ ሰይድ ለመንኩ። ሰው አዲስ ልብሱን ለብሶ የሚያይበት፣ ቁመቱ እኔን የሚያህል መስታወት ነው።

«እታለም፣» አሉኝ ጋሽ ሰይድ በመነጽራቸው አሻግረው እያዩኝ፣ «እኔ መስታወቱን አልነፍግሽም። ግን ሰው ምን ይላል?»

«ሰው ስለ ቱቦ ምን ይላል ጋሽ ሰይድ?»

«ወላሂ እንግዲህ አንቺ ታውቂያለሽ» ብለው አንዱን ጫፍ ያዙልኝ።

እኔ ግን አላወቅኩም ነበር። እኛ አገር ኀዘን ላይ ያለች ሴት ተዝካሩ ሳይወጣ መስታወት ፊት አትቆምም። ለባሌ ልቅሶ የመጡት ሴቶች የቤቱን መስታወት ሁሉ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙረውት ነው የሄዱት። ይህን ሁሉ ረስቼ፣ ጥቁር በጥቁር ለብሼ፣ ሻሼን እስከ ቅንድቤ አስሬ፣ በዚያ ሰዓት ፀሐይ ያለው መንገድ ዳር ብቻ ስለሆነ፣ ብርሃኑ ጓሮ እንዲገባ የአጥሩን በር ከፍቼ መንገድ ዳር ወጥቼ፣ ቁመቴን የሚያህል መስታወት ፊት ቆምኩ። መስታወቱ ከብዶኝ ስለነበር ቀኝና ግራ ዘንበል ዘንበል እላለሁ። ብርሃኑ የት እንደወደቀ ለማየት ደግሞ አንገቴን እያሰገግኩ፣ ዓይኔን አጨንቁሬ፣ ከንፈሬን ነክሼ። ከሩቅ ምን እንደምመስል የነገረኝ አልነበረም። እንስራ ያዘለች ሴት አጠገቤ ስታልፍ ለጓደኛዋ «አየሻት? ተዝካሩ እንኳ ሳይወጣ!» ስትል ሰምቻለሁ። ስለ ሌላ ሴት የምታወራ መስሎኝ ዞር ብዬ ፈለግሁ።

ብቻዬን እንደማልችለው ያየችው ፋጡማ ናት። ልጆቿን ጥላው ላይ አስተኝታ መጥታ አንዱን ጎን ያዘችልኝ። ያዘችና መስታወቱን ቀና ብላ አየች። ወደ ኋላዋ ዞራ ተመለከተች፤ ማንም የለም። እንደገና መስታወቱን አየች።

«አወይ!» አለች ጉንጯን ዳብሳ። «እናቴ ተነሥታ መጥታ ነው ያልኩ!» ከዚያም ሳቀች፤ የወሎ ሰው እኮ የሚስቅበትን ቦታ ማንም አይገምተውም። «እትዬ፣ ይህ መስታወትዎ ዕድሜ ይጨምራል። ለጠላት ነው የሚያበድሩት።»

አብሬያት ልስቅ አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን ሳቅ አልነበረም። መስታወቱን ዘወር አደረግሁት። በዚያ ቅጽበት ደመና መጥቶ ፀሐይዋን ሸፈናት፤ እስከ ማታም አልተገለጠችም። የዕለቱ ሥራችን በዚህ አበቃ።

በማግሥቱ፣ ቅዳሜ ጧት፣ ሁለት ሽማግሌዎች በሬን አንኳኩ። ነጭ ጋቢያቸውን አደግድገዋል። የቱቦውን ነገር ሰምተው ሊረዱኝ የመጡ መስሎኝ እጄ እስከ ክርኔ ጭቃ እንደሆነ አስገባኋቸው።

«ልጄ፣» አሉ ታላቅየው ጉሮሮአቸውን ጠርገው፣ «ኀዘን መቼም አይቀር። አንቺም ፊትሽን ወደ ዓለም እንደመለስሽ ሰማን፣ ደስ አለን። ከወፍጮ ቤቱ ባለቤት ተልከን ነው። እሱም ሚስቱ ከሞተችበት ቆየ።»

«አባቴ፣ እኔ ፊቴን የመለስኩት ወደ ቱቦ ነው።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ታናሽየው ፈጠን ብለው፣ «ቱቦም ቢሆን እሱ ያሠራልሻል» አሉ።

«ለሰኞ ያደርሰዋል?» አልኩ።

እግዜር ይይልኝ፣ ከአፌ የወጣው የመጀመሪያ ጥያቄ ይህ ነበር። ስለ ሰውየው ዕድሜ አልጠየቅሁ፣ ስለ ጠባዩ አልጠየቅሁ።

«ለሰኞ?» አሉ ታላቅየው ደንግጠው። «ልጄ፣ ሠርጉን ነው? እንዲህ በጥድፊያ?»

«ቱቦውን ነው እንጂ!»

እታገኝ ጓዳ ውስጥ የያዘችውን ሰፌድ ጥላ ስትስቅ ተሰማኝ። ሽማግሌዎቹ ነገሩ ሲገባቸው ጋቢያቸውን ሰብስበው፣ ሊሾው ላይ የተኛውን ውሃ በጫማቸው ጫፍ እየዘለሉ ወጡ። የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ሲያየኝ ባርኔጣውን ዝቅ ያደርጋል። ባሌ ይህን ቢሰማ ለእንግዳ የሚነግረው ሌላ ቀልድ ያገኝ ነበር።

ሽማግሌዎቹ ሲወጡ ፀሐይዋ ጓሮው ላይ ቦግ አለች። ትልቁን መስታወት እኔና ፋጡማ ያዝን። ጋሽ ሰይድ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ በሆዳቸው ተኝተው «ወደ ቀኝ! ወደ ግራ! ኧረ ወደ ላይ አይደለም!» ይሉናል። እኛ ደግሞ የእሳቸው ቀኝና የእኛ ቀኝ አንድ አልሆን ብሎን ብርሃኑን በአጥሩ፣ በባሕር ዛፉ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት፣ በማዶው ተራራ ላይ አንከራተትነው።

ለካ በዚያን ሰሞን የሸፈቱ ባላባቶች ማዶ ተራራው ላይ ገብተዋል ይባል ነበር። የአብዮት ጥበቃ ጓዶች ቀንና ሌት ዓይናቸውን ከተራራው አይነቅሉም። እነሱ ተራራውን ሲያዩ፣ ከከተማው ውስጥ ብልጭ የሚል ብርሃን ተራራው ላይ ይመላለሳል። አንዴ ይበራል፣ አንዴ ይጠፋል፣ አንዴ ይርገበገባል። የሚርገበገበው ክንዴ ስለዛለ ነበር።

የአጥሩ በር በእግር ተገፍቶ ተከፈተ። ጓድ ይመር ከፊት፣ ጠመንጃ የያዘ ጥበቃ ከኋላ።

«እጅ ወደ ላይ!» አለ ጥበቃው።

«ከለቀቅሁት ይሰበራል፣» አልኩ፣ «የሰው መስታወት ነው።»

«ለማን ነው ምልክት የሚሰጡት ጓዲት?» አለ ይመር። ፊቱ ተለዋውጧል። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ጥያቄ ቀልድ አልነበረም፤ በቀልድ የተወሰደ ሰው በቀልድ አይመለስም ነበር። ጉልበቴ ተብረከረከ፤ መስታወቱ አብሮኝ ተብረከረከ፤ ብርሃኑም ተራራው ላይ ጨርሶ ጨፈረ።

«ለቱቦው» አልኩት።

«ቱቦ ማነው?»

«ሰው አይደለም! የውሃው ቱቦ ነው! የልጆቹ! ሰኞ ይታሸጋል የተባለው! መጥተህ በዓይንህ እይ፣ ይመር!» ስሙን እንደ ድሮው በባዶው መጥራቴን ያወቅሁት ከጠራሁት በኋላ ነው።

ይመር ተጠራጠረ፤ ማየቱን ግን አልጠላውም። አዲሱን ካኪውን ሰብሰብ አድርጎ በሆዱ ተኛና አንገቱን ወደ ጉድጓዱ አሰገገ። ወዲያው ብድግ ብሎ ወደ ኋላ ወደቀ።

«ሰው አለ! ኮፍያ ያደረገ!»

ጥበቃው ጠመንጃውን አቀባበለ።

«አብሽር ልጄ፣» አሉ ጋሽ ሰይድ ክንዱን ያዝ አድርገው፣ «ጓድ ሊቀመንበር ራሳቸውን ነው ያዩት። መስታወት ነዋ! በጎን ይዩ፣ በጎን። ብርሃኑ በሚሄድበት።»

ይመር እንደገና ተኛ። ብርሃኑን አስተካከልን።

«ምን ይታያል?» አልኩ።

«እንጨት አለ፣ ቀርከሃ መሰለኝ። እንጨቱ የወጋው… ጥቁር ነገር ነው። ቅርብ ነው፣ ክንድ ተኩል ቢሆን ነው።» ድምፁ ተለወጠ። «ጠጉር አለው። አውሬ ነው!»

ጥበቃው ዘሎ መጥቶ አፈ ሙዙን ጉድጓዱ ውስጥ ከተተ።

«አትተኩስ!» ጮኸ ይመር። «ቱቦው የሕዝብ ነው!»

የአጥር ሽቦ አመጣን፣ ጫፉን ቆለመምን። ጋሽ ሰይድ ክር በመርፌ የሚያስገቡ ሰው ስለሆኑ እሳቸው ሰደዱት። ነካው፣ ሳተው፣ ያዘው። ይመርና ጥበቃው ጠመንጃውን አጥሩ ላይ አስደግፈው ሽቦውን ሳቡ። ቀድሞ የተሰበረው ቀርከሃዬ ወጣ። ተከትሎት ጭቃና ጮማ የጠጣ፣ ረጅም፣ የተጎነጎነ ጥቁር ነገር እየተጎተተ ወጣ። አላልቅ አለ። ወጥቶ ሲያልቅ ሣሩ ላይ እንደ እባብ ተጋደመ።

ሹሩባ ነበር። የኔ ሹሩባ።

ባሌ የሞተ ቀን ጠጉሬን ከሥሩ ላጭተውኛል። እኛ አገር የተላጨ ጠጉር በየትም አይጣልም፤ ክፉ ሰው እጅ ከገባ መተት ይሠራበታል ይባላል። ሴቶቹ ያን ዕለት «በደንብ ቅበሩት» ሲባባሉ እንደ ሕልም ይታወሰኛል። የት እንደደረሰ ጠይቄ አላውቅም። ለጠጉር ማን ግድ ነበረው!

ሁላችንም ቀስ ብለን ወደ እታገኝ ዞርን። የጓዳው በር ላይ ቆማ የቀሚሷን ጫፍ ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች።

«የት ላድርገው ታዲያ?» ብላ ጮኸች። «ብቀብረው ውሻ ይቆፍረዋል! ባቃጥለው ይሸታል፣ ቤቱ ልቅሶ ነው! ደብተራ የማይደርስበት፣ መተተኛ እጁን የማይሰድበት ቦታ ፈለግሁ። ይኸው ነው የታየኝ! ደግሞስ ማንም ደርሶበታል? መንግሥት በጠመንጃ መጥቶ ነው ያወጣው!»

ማንም አልሳቀም። ጥበቃው ኮፍያውን አወለቀ። ይመር ካኪው በጭቃ እንደተለወሰ ተነሥቶ ወደ ጫማው አየ።

«እትዬ፣» አለኝ፣ «እኔ እንኳ… እግዜር ያጽናዎት።» ልቅሶ የመጣ ቀንም ያለኝ ይህንኑ ነበር፤ ያን ቀን ግን አልተሰማኝም ነበር።

እኔ ተንበርክኬ ያን የሸተተ ነገር በእጄ ያዝኩት። ባሌ ይህን ሹሩባ እጁ ላይ እየጠመጠመ ነበር የሚያወራኝ። ማልቀስ ጀመርኩ። ከዚያ ጓዳዬን የዘጋችው፣ ልጆቹን ልታስርብ የነበረችው፣ ሽማግሌና ጠመንጃ የጠራችው ራሴ ላይ የነበረች ጠጉር መሆኗን ሳስብ ሳቅ መጣብኝ። ሁለቱ አንድ ላይ መጡና ትን አለኝ። ፋጡማ ጀርባዬን መታ መታ አድርጋ ሹሩባውን ከእጄ ወሰደችና፣ «ይስጡኝ። እኔ ለአገሩ እንግዳ ነኝ፣ የት እንዳኖርኩት ማንም አይጠይቀኝም» አለች። የት እንዳኖረችው ዛሬም አላውቅም።

ሰኞ ድሬሰሩ መጣ። ባልዲ ውሃ ገንዳው ላይ ለቀቀና ወደ አዳራሹ ወጣ። ከእግሩ ሥር ውሃው እየተንኳለለ ሲያልፍ ሰማ። እግሩን አነሣ። ጓዳውን ሳያሽግ ሄደ። ከሰዓት በኋላ መኪናው ደርሶ ዱቄቱን አራገፈ። እታገኝ ድስቶቹን ጣደች።

እዚህ ላይ ታሪኩ በክብር ቢያልቅልኝ ደስ ባለኝ። ነገር ግን ጋሽ ሰይድ ቱቦው እስከ መጨረሻው መጥራቱን በመስታወት ካላየን አሉ። ትልቁን መስታወት እንደገና አወጣን። ይመር መጣ፣ ጥበቃው መጣ፣ ቄሱ መጡ። ሁሉም በየተራ በሆዱ እየተኛ አየ። «ወጣች! ክብ! ጨረቃ!» ይባባላሉ። እታገኝ ዓይኗን ማመሙን ረስታ ሦስት ጊዜ ተሰለፈች። እኔ ስተኛ ከወዲያኛው የገንዳው ጫፍ ያ ነጭ ክብ ብርሃን ፊቴ ላይ በራ። ምነው ባየኸው ብዬ እያሰብኩ ሳለሁ አንድ ሽታ መጣ።

«እታገኝ! ድስቱ!»

አጥሚቱ አሯል። የመጀመሪያው ድስት፣ ያን ሁሉ መከራ ያየንበት ድስት፣ ሥሩ ከሰል ሆኗል። እኔ እጄን ራሴ ላይ ጭኜ ጓዳው መሐል ቆምኩ። ሕፃናቱ በር ላይ ጣሳቸውን ይዘው ተሰልፈዋል። እታገኝ እያለቀሰች ከላይ ያላረረውን ቀዳችላቸው። ፋጡማ ግን ገባ ብላ ድስቱን አየችና፣ «እኔ ነኝ ያረረውን የምወስደው፣ እሱ ይከብዳል፣ ሆድ ይይዛል» ብላ ሥሩን በማንኪያ ፍቃ ለሁለቱ ልጆቿ አጎረሰቻቸው። ሌሎቹም እናቶች አዩዋት፤ ድስቱን ተቀባብለው ወደ ውጭ ይዘውት ወጡ።

ሲመልሱልን እኔና እታገኝ ገንዳው አጠገብ እጅጌያችንን ሰብስበን እየጠበቅን ነበር። ድስቱን ገልብጣ አየችው፤ እኔም አየሁት። ከሰሉ የለም። ዳሩ ላይ የተለጠፈ የለም። በጣትና በምላስ ተጠርጎ እንደ ጋሽ ሰይድ መስታወት ያበራል፤ ውስጡ የሁለታችን ፊት ይታያል።

ለወጉ ያህል አንድ ጣሳ ውሃ አፈሰስንበት። በቱቦው ወረደ። ጓሮ ሄጄ አየሁት፤ እንደገባ ንጹሕ ሆኖ ወጣ።